ከማብረቅረቁ ይልቅ ብብቱን እዩ፦ የይፋት ቆላ አበባ ቀሳሚ ወፎችን በላባ መለየት

ከማጀቴ እስከ ሸዋ ሮቢት ባለው ቆላ እሬቱ ባበበ ሰሞን፣ ወይም በየጓሮው ሙዙ እምቡጡን ባንጠለጠለ ጊዜ፣ ጠዋት ከአበባው ፈንጠር ብሎ በጸጥታ የቆመ ሰው ብዙ ሳይጠብቅ ትመጣለታለች። ምንቃሯ ወደ ታች የጎበጠ፣ ቁመቷ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ያህል፣ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው እየዘለለች ምላሷን የምትሰድ ወፍ ናት። ፀሐይ ስታገኛት አረንጓዴ ታብለጨልጫለች፤ ዞር ስትል ጥቁር ትሆናለች። ያየ ሰው ሁሉ «አንድ ዓይነት ናት» ይላል። አይደለችም። በዚህ ቆላ፣ ከሸዋ ገደል ግርጌ ጀምሮ ወደ አዋሽ በሚዘረጋው አገር፣ እንዲህ የሚያብለጨልጩ ወፎች ቢያንስ ስድስት ዝርያ አሉ። በላባቸው መለየትም ይቻላል፤ ግን መጀመሪያ ዓይን የሚስበውን ነገር ለጊዜው መተው ያስፈልጋል።

ፊልም ያዩ ልጆች ይህችን ወፍ «ሃሚንግበርድ» ይሏታል። ሃሚንግበርድ በዱር የሚኖረው በአሜሪካ አህጉራት ብቻ ነው፤ ከ350 በላይ የሆኑት ዝርያዎቹ ከአላስካ እስከ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ ይገኛሉ፣ ከዚያ ውጭ የሉም። የእኛዎቹ አበባ ቀሳሚዎች ኔክታሪኒዴ ከሚባለው ሌላ ቤተሰብ ናቸው፤ በአፍሪካ፣ በእስያና እስከ ሰሜን አውስትራሊያ ድረስ ከ140 በላይ ዝርያ አላቸው፣ በዘር ሐረግም ከሃሚንግበርድ ይልቅ ለድንቢጥ ይቀርባሉ። ሁለቱን ያመሳሰላቸው ሥራቸው ነው፤ ሁለቱም ከአበባ ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚቀስሙ ረጅም ምንቃርና ረጅም ምላስ አወጡ። አመጋገባቸውን ያየ ግን አይስታቸውም። ሃሚንግበርድ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይቀስማል። የእኛው አልፎ አልፎ ይህን ቢሞክርም አብዛኛውን ጊዜ ቅርንጫፉን ወይም የአበባውን ግንድ ቆንጥጦ ይዞ ነው የሚበላው። የሚገርመው፣ ሃሚንግበርድ ጥንት በአውሮፓም ነበረ፤ በጀርመን ከ30 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ቅሪተ አካሉ ተገኝቶ በ2004 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆኗል።

ወደ ላባው እንመለስ። አንድን ላባ ብንመረምር መካከሉ ዘንግ ነው፤ ከዘንጉ ግራና ቀኝ ቅርንጫፎች ይወጣሉ፣ ከቅርንጫፎቹ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ክሮች። የሚያብለጨልጨው ቀለም ያለው እነዚህ ክሮች ውስጥ ነው፤ እዚያ ግን አረንጓዴ የሚባል ቀለም ጨርሶ የለም። ያለው ሜላኒን የተባለው ጥቁር ቅንጣት ነው፣ ጥፍራችን ከተሠራበት ከኬራቲን ጋር በድርብርብ ተደርድሮ። ድርብርቡ ከአንድ ሚሊሜትር ሺሕኛ እጅ የሳሳ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ከእያንዳንዱ ንብርብር ላይ ተመልሶ ይወጣና አንዱ ሌላውን ያጎላዋል ወይም ያጠፋዋል። ጎልቶ የሚወጣው የትኛው ቀለም እንደሆነ የሚወስነው የንብርብሩ ውፍረትና እኛ የቆምንበት አቅጣጫ ነው። ዝናብ ባረጠበው አስፋልት ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ቀስተ ደመና የሚሠራበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ራሳችንን ባንቀሳቀስን ቁጥር ቀለሙ ይለዋወጣል። ላባው ቢፈጭ ንብርብሩ ስለሚፈርስ አረንጓዴው ይጠፋና ጥቁር ቡናማ ዱቄት ብቻ ይቀራል።

ስለዚህ «አረንጓዴ ነበረች»፣ «ሰማያዊ ነበረች»፣ «ወይን ጠጅ ነበረች» የሚሉ ሦስት ሰዎች አንዲቱን ወፍ ከሦስት ቦታ አይተዋት ሊሆን ይችላል። ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት ስትሆን፣ ወይም ወፏ በእኛና በፀሐይ መካከል ስትሆን፣ ሁሉም ጥቁር ናቸው።

እነዚህ ወፎች ግን ሌላ ዓይነት ቀለምም አላቸው። ቢጫው፣ ብርቱካናማውና ደማቁ ቀይ በአብዛኛው የሚመጣው ካሮቲኖይድ ከሚባሉት ቀለሞች ነው፤ ለካሮትና ለበርበሬ መልክ የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ወፏ ከምግቧ ታገኛቸዋለች፣ ላባው ውስጥም እንደ ቀለም ይቀመጣሉ። እነዚህ በአቅጣጫ አይለወጡም። ቢጫ ሆድ ከፊትም ከጎንም ቢጫ ነው፣ ጥላ ውስጥ ቢደበዝዝም አረንጓዴ አይሆንም። የማያብለጨልጭ ጥቁር ሆድም እንዲሁ። እኔ አዲስ ለሚጀምር ሰው የምመክረው በዚህ ቅደም ተከተል እንዲያይ ነው፦ መጀመሪያ ሆዱ፣ ቀጥሎ ጅራቱ፣ ከዚያ ደረቱ ላይ ያለው መቀነትና ብብቱ፣ ከዚያ ምንቃሩ። ማብረቅረቁ የመጨረሻ ነው።

ብብቱ ያልኩት እንዲያው አይደለም። ብዙዎቹ ወንዶች በደረታቸው ዳርና ዳር፣ ክንፉ ከሚጋጠምበት ሥር፣ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ የላባ ጉንጉን አላቸው። ወፉ ሲያርፍ ክንፉ ስለሚሸፍነው አይታይም። ሴት ሲያማልል ወይም ሌላ ወንድ ከአበባው ሊያባርር ሲዘጋጅ ግን ክንፉን ከፈት አድርጎ ያወጣዋል። አንዳንዱ ዝርያ ጨርሶ የለውም። በይፋት ቆላ እጅግ የሚመሳሰሉትን ሁለቱን ወንዶች የሚለየው ዋናው ምልክት ይኸው ነው።

ከእነዚህ ከሁለቱ አንደኛው የሳይንስ ስሙ ሲኒሪስ ሐበሲኒከስ የሆነው፣ ስሙን ከሐበሻ ምድር ያገኘው ነው፤ ሄምፕሪክና ኤረንበርግ የተባሉት ጀርመናውያን ናቸው በ1828 እ.ኤ.አ. ስም የሰጡት። ሁለተኛው ማሪኮ ነው፣ በደቡብ አፍሪካ ባለ ወንዝ የተሰየመ፤ እሱ ከኛ አገር እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይገኛል። ሁለቱም ወንዶች ራሳቸውና ጀርባቸው የሚያብለጨልጭ አረንጓዴ፣ ሆዳቸው ጥቁር፣ ጅራታቸው አጭር ነው፤ ደረታቸውንም በቀለም መቀነት ታጥቀዋል። ከሩቅ ላየ ሰው መለያ የላቸውም። ቀርቦ ላየ ግን የሐበሻው መቀነት ደማቅ ቀይ ነው፣ በሰማያዊ የተከፈፈ፤ የማሪኮው ደግሞ ጠቆር ያለ፣ ወደ ጥቁር ቀይ ያዘነበለ፣ ከላዩ ወይን ጠጅና ሰማያዊ ያለበት ነው። ጥላ ውስጥ የማሪኮው መቀነት ከጥቁሩ ሆድ ጋር ተዋሕዶ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል፣ የሐበሻው ግን ይታያል። የሐበሻው አናት ወይን ጠጅ ነው፣ የማሪኮው አናት እንደ ጀርባው አረንጓዴ ነው፤ ይህ ግን ከማብረቅረቁ ወገን ስለሆነ ብርሃኑ ካልተመቸ አትመኑት። ቁርጡ ያለው ብብቱ ላይ ነው። የሐበሻው ቢጫ ጉንጉን አለው፣ ማሪኮው የለውም። ወፉ ሲጣላ ወይም ሲያማልል እስኪታይ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ፣ ቢጫው አንዴ ብልጭ ካለ ክርክሩ አብቅቷል።

አሜሪካኖቹም ከሃሚንግበርድ ጋር የሚቸገሩት በዚሁ መንገድ ነው። በምዕራብ አሜሪካ «ሩፈስ» እና «አለን» የሚባሉ ሁለት ዝርያዎች አሉ። የሩፈስ ወንድ ጀርባው ቀይ ቡናማ፣ የአለን አረንጓዴ ነው ተብሎ ለብዙ ዘመን ተለይተዋል፤ ነገር ግን ከሩፈስ ወንዶች መካከል ጀርባቸው አረንጓዴ የሆነ አሉ። ስለዚህ እርግጠኛ መሆን የሚፈልግ ሰው ጅራቱን ዘርግቶ ማየት አለበት፤ የሩፈስ ከመካከለኛው ቀጥሎ ያለው የጅራት ላባ ጫፉ አካባቢ ገባ ያለ ቅርጥ አለው፣ የአለን ዳርኛው ላባ ደግሞ በጣም ቀጭን ነው። እዚያም ፍርዱ የመጣው ከቀለሙ ሳይሆን ከላባው ቅርጽ ነው።

ወደ ጅራት ስንመጣ ቆላው ውስጥ ሌላ ጥንድ አለ፤ ከጅራታቸው መካከል ሁለት ረጅም ቀጫጭን ላባዎች የሚወጡላቸው ወንዶች። አንዱ በወፍ መጻሕፍት «ውቡ» የሚባለው ነው፣ ሌላው «የናይል ሸለቆው»። ሁለቱም ከነጅራታቸው 15 ሳንቲሜትር አካባቢ ይሆናሉ። እዚህ ላይ ሆድን ያየ ሰው አይቸገርም። የናይል ሸለቆው ከደረቱ ጀምሮ እስከ ታች ንጹሕ ቢጫ ነው፤ ጉሮሮው ሥር ቀጭን ወይን ጠጅ መስመር አለው፣ ከጅራቱ በላይ ያለው ወገቡም ወይን ጠጅ ነው። ውቡ በኛ አገር ሆዱ አረንጓዴ ነው፤ ደረቱ መካከል ቀይ፣ ከቀዩ ግራና ቀኝ ቢጫ አለው። በኬንያና በታንዛኒያ ሆዱ ጥቁር የሆነ ዘመድ አለው፤ ስለዚህ በምሥራቅ አፍሪካ የወፍ መጽሐፍ ጥቁር ሆድ ያለው ሥዕል አይታችሁ ግራ አትጋቡ።

ምንቃራቸውም ይለያል። የናይል ሸለቆው ምንቃሩ በዚህ ቤተሰብ መካከል አጭር ከሚባሉት ነው፣ ጉብጠቱም እምብዛም ነው። ይህን ልብ ማለት የሚጠቅመው በተለይ የመራቢያው ወቅት ሲያልፍ ነው። ያን ጊዜ የሁለቱም ወንዶች ያማረ ላባቸው ይረግፋል፤ የናይል ሸለቆው ረጅም ጅራቱን ጭምር ጥሎ ሴቷን ይመስላል። «ያቺ ጅራተ ረጅም ወፍ ከአካባቢያችን ጠፋች» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ብዙ ጊዜ ወፉ እዚያው ነው ያለው፣ ልብሱን ለውጦ። ምንቃሩን ግን አይለውጥም።

የናይል ሸለቆው ጅራቱን ሲጥልና ገና ቢጫው ሳይደበዝዝ ከሦስተኛ ወፍ ጋር ይምታታል፣ «ተለዋዋጩ» ከሚባለው ጋር። ይህኛው ከቆላም ከደጋም አይጠፋም፣ በአዲስ አበባ ግቢዎችም ይታያል። ጅራቱ ምንጊዜም አጭር ነው፤ ደረቱ ሰፊ ወይን ጠጅ፣ ብብቱ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ፣ ምንቃሩ ረዘም ብሎ የጎበጠ ነው። ተለዋዋጭ ያሰኘው ሆዱ ነው፤ በመካከለኛውና በምዕራቡ ደጋ ቢጫ፣ በምሥራቁ ደረቅ ምድር እስከ ሶማሊያ ነጭ ሆድ ያላቸው ይገኛሉ። መጀመሪያ ሆዱን እዩ ብዬ ነበር፤ እዚህ ላይ ሆዱ ብቻውን አይበቃም፣ ከጅራቱና ከምንቃሩ ጋር ተደምሮ ነው የሚናገረው።

ስድስተኛው፣ ደረቱ ቀይ የሆነው ትልቁ ወፍ፣ በወንድነቱ አያስቸግርም። ሰውነቱ የማያብረቀርቅ ጥቁር ቡናማ ነው፣ ጉሮሮውና ደረቱ ደማቅ ቀይ። ግንባሩና አገጩ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ብልጭታ አለው። በጥሩ መነጽር ቀዩን ደረት ያየ ሰው በላዩ ላይ ነቁጥ ነቁጥ ያለ ሰማያዊ ብልጭታ ያገኛል፤ ሁለቱ የቀለም ዓይነቶች በአንድ ላባ ላይ ሲገናኙ ነው፣ ለእኔ ከወፍ ላባ ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። ወደ ቦረናና ወደ ኦጋዴን የሚሄድ መንገደኛ ግን «ሀንተር» የተባለ መሳዩን ያገኛል። የሀንተሩ ጉሮሮ መካከሉ ጥቁር ነው፣ ከጅራቱ በላይ ያለው ወገቡም ወይን ጠጅ ያበራል። የይፋቱ ወገቡ ላይ ብልጭታ የለውም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ወንዶቹ ነው፣ ቀላሉን ክፍል። ሴቶቹ አያብለጨልጩም ማለት ይቻላል፤ ግራጫ፣ ቡናማና ወይራማ ናቸው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይተዋል፤ እኔ ግን ሴቶቹን መለየት የተማረ ሰው ነው ወፎቹን የሚያውቃቸው እላለሁ። ጎጆውን የምትሠራው ሴቷ ናት፤ በሸረሪት ድር የተሰፋ፣ ከቅርንጫፍ የተንጠለጠለ፣ መግቢያው በጎኑ የሆነ። አንድ ዝርያ በአንድ ቦታ ይራባ እንደሆነ የምትነግረን እሷ ናት። ማብረቅረቅ ስለሌላትም ዓይናችን በቀጥታ ወደ ደረቷና ወደ ቅንድቧ ይሄዳል።

የማሪኮ ሴት ከታች ቢጫማ ናት፣ በቢጫው ላይ ጥቁር ጭረት ተሰምሯል። የሐበሻው ሴት ጭረት የላትም፤ ከላይ እስከ ታች ልሙጥ ግራጫማ ቡናማ ናት። ወንዶቻቸው በዋናነት በብብት የሚለዩ ወፎች ሴቶቻቸው እንዲህ በግልጽ መለያየታቸው ደስ የሚል ነገር ነው፤ ጥንድ ሆነው ካገኛችኋቸው ወንዱን ትታችሁ ሴቷን እዩ፣ ወንዱ ማን እንደሆነ እሷ ትነግራችኋለች። የደረተ ቀዩ ሴት ከሁሉ ትጠቁራለች፤ ከታች በቢጫማው ላይ ቡናማው ጥቅጥቅ ብሎ ተዥጎርጉሯል፣ ከዓይኗ በላይም እንደ ሌሎቹ ነጣ ያለ ቅንድብ የላትም። የናይል ሸለቆው ሴት በአጭር ምንቃሯና ቢጫ ባዘለ ሆዷ ትታወቃለች። የውቡና የተለዋዋጩ ሴቶች ከሩቅ ሲታዩ ለእኔ ከሁሉ የሚያስቸግሩት ናቸው፤ ወንዱ ካልመጣ ሳይሰየሙ ቢቀሩ ይሻላል።

ሌላው መሰናክል ጎረምሶቹ ናቸው። ወጣት ወንድ እናቱን መስሎ ይጀምራል፤ በማሪኮና በደረተ ቀዩ ዘንድ ጉሮሮው ቶሎ ይጠቁራል። አካሉ እንደ ሴት፣ ጉሮሮው ጥቁር የሆነ ወፍ ያየ ሰው «አዲስ ዝርያ» ሊመስለው ይችላል። ቀጥሎ ላባው ሲቀየር አንድ አረንጓዴ እዚህ፣ አንድ ቀይ እዚያ ብቅ እያለ የተጣጣፈ መልክ ይይዛል። እንዲህ ያለው ወፍ ላይ አዲስ የበቀለው ላባ ምን ዓይነት እንደሆነ ማየት ነው፤ ደረቱ ላይ የወጣው የመጀመሪያው ቀይ የት ቦታ እንደወጣ፣ ቢጫ ከጎኑ አለ ወይስ የለም።

ከቆላው ወደ ደብረ ሲና ወይም ወደ አንኮበር ሽቅብ የወጣ ሰው ሌሎች ወፎች ያገኛል። ደጋ ላይ ሁለት ትልልቅ ጅራተ ረጅም ወንዶች አሉ። አንደኛው የተከዜው ነው፤ ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ ስለ አቢሲኒያ ጉዞው በ1814 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ነው ስሙ በሳይንስ የተመዘገበው። ሁለተኛው በእንግሊዝኛ በአረንጓዴ ማዕድን፣ በማላካይት፣ የተሰየመው ነው። ብርሃን ሲመታቸው የተከዜው ወይን ጠጅ፣ ራሱ ነሐስማ አረንጓዴ ነው፤ ማላካይቱ መላ አካሉ አረንጓዴ። ደመና ባለበት ቀን ግን ሁለቱም ጥቁር ናቸው፣ በአንኮበር ደግሞ ደመና አይጠፋም። ያን ጊዜ ከጅብራው ወይም ከአሸንዳው አበባ ላይ ሁለት ወንዶች ሲጣሉ ጠብቁ፤ ማላካይቱ ከብብቱ ቢጫ ያወጣል፣ የተከዜው ጥቁር እንደሆነ ይቀራል።

ከአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የሚባል ቦታ አለ። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ በነበሩበት ዘመን የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር የምርምር ጣቢያ የነበረው እዚያ ነው። የጣቢያው መሪ ኦራዚዮ አንቲኖሪ የሸዋን ወፎች እየሰበሰበ ወደ ኢጣሊያ ይልክ ነበር፤ በ1882 እ.ኤ.አ. እዚያው ልጥ ማረፊያ ሞተ፣ የሰበሰባቸውን ወፎች ቶማሶ ሳልቫዶሪ መርምሮ በ1884 እ.ኤ.አ. ስለ ሸዋ ወፎች መጽሐፍ አሳተመ። በሙዚየም መሳቢያ ውስጥ በጨለማ የተቀመጠ አሮጌ አበባ ቀሳሚ ወፍ ዛሬም መብራት ሲበራበት ያብለጨልጫል፤ ንብርብሩ እስካልፈረሰ ድረስ ቀለሙ አይለቅም። ብርሃን ላይ ከዋለ ቀድሞ የሚደበዝዘው ቢጫውና ቀዩ ነው። በሕይወት ባለ ወፍ ላይ በይበልጥ የምንተማመንበት ቀለም፣ ወፉ ከሞተ በኋላ ቀድሞ ይሄዳል።

ለማየት የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ካለ ጥሩ ነው፤ ስምንት እጥፍ የሚያቀርብ ይበቃል። ከሌለም ከአበባው አምስትና ስድስት እርምጃ ርቆ፣ ፀሐይን ከኋላ አድርጎ መቀመጥ ነው፤ ወፎቹ ወደለመዱት አበባ ይመላለሳሉ፣ ሰው ካልተንቀሳቀሰም እምብዛም አይፈሩም። እሬት፣ ራስ ክምር፣ በግራር ላይ የበቀለ ተቀጽላ ሁሉ ጥሩ መጠበቂያ ናቸው። በስልክ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ከጎንና ከታች ቢያነሳ ይሻላል፤ ጀርባውን ብቻ ያነሳ ሰው አረንጓዴ ይዞ ይመለሳል፣ አረንጓዴ ደግሞ ሁሉም ናቸው።

ያዩትን በማስታወሻ የሚይዙ ቀኑን፣ ቦታውንና አበባውን ይጻፉ፤ ከዚያ ሆዱን፣ ጅራቱን፣ መቀነቱን፣ ብብቱን፣ ምንቃሩን። በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የአገሪቱን ወፎች የሚያጠናው፣ ጆን አሽና ጆን አትኪንስም በ2009 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያንና የኤርትራን ወፎች ሥርጭት በካርታ ያወጡት፣ ብዙ ሰዎች በየቦታው ባዩትና በመዘገቡት ላይ ተመሥርተው ነው። ብብቱን ሳያዩ የቀሩ ደግሞ «ብብቱ አልታየም» ብለው ይጻፉ እንጂ «ብብቱ ቢጫ የለውም» አይበሉ፤ ሁለተኛው አጻጻፍ የሐበሻውን ወፍ በወረቀት ላይ ማሪኮ ያደርገዋል።